ብሩክሊን ያየሁት ትንሽ የሌዝቢያን ታሪክ ቤት፣ እና የእትየ ሣጥን

የጀልባዋ አስጎብኚ (ክሩን፣ ማለት ይህን ውይይት፣ የጀመረችው)፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ የጣና መድረክ ላይ የምታውቁኝ ስለ ዘጌ መንገድ፣ ስለ ጀልባ ሰዓትና ስለ እንቦጭ ስጽፍ ነው። የዛሬው ሌላ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አምና እህቴ አሜሪካ ወለደች። ላርሳት ሄጄ ሦስት ወር ብሩክሊን ቆየሁ። ጠዋት ገንፎ፣ ከሰዓት የሕፃን ጋሪ። ፕሮስፔክት ፓርክ የሚባል ሰፊ መናፈሻ አለ። ዛፉ የጣና ዳርን መንገድ ያስታውሰኝ ስለነበር በየቀኑ እዚያ ነበርኩ። ከመናፈሻው አጠገብ፣ 14ኛ መንገድ ላይ፣ አንድ ባለ ሦስት ፎቅ የድንጋይ ቤት አለ። ከጎረቤቶቹ አይለይም። እህቴ «የሴቶች ታሪክ የሚቀመጥበት ነው። አንቺ ዕቃ ቤት ትወጃለሽ፣ ግቢና እዪው» አለችኝ። ደረጃው ጋ ስንደርስ «የሌዝቢያኖች፣ ሴት የሚያፈቅሩ ሴቶች፣ ነው እንግዲህ፣ እንዳትደነግጪ» ብላ ጨመረች።

ደነገጥኩ። ያን ቀን አልገባሁም። ጋሪውን ገፍቼ ተመለስኩ። ሌሊቱን ግን አክስቴን፣ እትየን፣ ሳስብ አደርኩ። ስለ እሷ ወደ ታች እነግራችኋለሁ። በሳምንቱ፣ ለጎብኚ ክፍት በሆነ ቀን፣ ብቻዬን ሄድኩ።

ስሙ ሌዝቢያን ኸርስቶሪ አርካይቭስ ነው። ታሪክ በእንግሊዝኛ «ሂስቶሪ» ይባላል፤ መነሻው ላይ «የእሱ» የሚል ድምፅ ይሰማል። እነሱ «የእሷ» አድርገው አነበቡት። ሥራው የተጀመረው በ1974 ነው። ጆአን ኔስል የምትባል ጸሐፊ፣ ዴቦራ ኤደልና ጓደኞቻቸው ነበሩ። የራሱ የሆነ ቤት አልነበረውም። ማንሃተን ውስጥ፣ በኔስል አፓርታማ፣ ጓዳ ውስጥ ጀመሩት። አስቤዛ በሚቀመጥበት ጓዳ። ቀስ በቀስ ካርቶኑ ጓዳውን ሞልቶ ወደ ሌሎቹ ክፍሎች ወጣ። ወደ ሃያ ዓመት እንዲህ ኖሩ። አሁን ያለው ቤት የተገዛው ከብዙ ሴቶች ጥቂት ጥቂት እየተዋጣ ነው። በ1993 ተከፈተ፣ የባንኩ ዕዳ በ1996 አለቀ። ደመወዝ የሚከፈለው ሰው የለም። ሁሉም በበጎ ፈቃድ ነው የሚሠሩት። በ2022 የኒው ዮርክ ከተማ ቤቱን በቅርስነት መዘገበችው።

ስገባ የጠበቅኩት የመስታወት ሣጥንና «አትንኩ» የሚል ጽሑፍ ነበር። እዚህ ግን ሶፋ አለ። ትልቅ ጠረጴዛ አለ። ወጥ ቤት አለ። ዘመድ ጥየቃ የሄድኩ መሰለኝ። አንዲት ፀጉሯ የሸበተ ሴት ተቀበለችኝና ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። ጣና አልኳት። አታውቀውም። ዓባይ የሚነሣበት ስላት ዓይኗ በራ።

መጀመሪያ ያስቆመኝ መደርደሪያው ነው። መጻሕፍቱ የተደረደሩት በጸሐፊዋ በራሷ ስም ፊደል ተራ ነው። በቤተሰብ ስም አይደለም። የቤተሰብ ስም ከአባት ወይም ከባል ስለሚመጣ ሆን ብለው ነው እንዲህ ያደረጉት። እኔ ደግሞ ኤርፖርት ከወረድኩ ጀምሮ ሰው ሁሉ በአያቴ ስም ሲጠራኝ ሰንብቻለሁ። «እኛ አገር መጽሐፍ የሚደረደረው እንዲህ ነው፣ ሰውም የሚጠራው በራሱ ስም ነው» አልኳት። ሴትየዋ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ስለ ስማችን አንድ ባንድ ጠየቀችኝ። ከዚያ ወዲያ ፍርሃቴ ለቀቀኝ።

ካርቶን ከፈተችልኝ። ደብዳቤ። ካሴት። የሰልፍ ቲሸርት። ሰው ከኪሱ አውጥቶ የሚጥለው ዓይነት ወረቀት። በ1950ዎቹና 60ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በየመድኃኒት ቤቱ ይሸጡ የነበሩ ርካሽ ልብ ወለዶችም አሉ። ሽፋናቸው ያሳፍራል። መጨረሻቸው ብዙውን ጊዜ መጥፎ ነው፤ አንዷ ትሞታለች፣ ወይ አብዳ ትቀራለች፣ ወይ ወንድ ታገባለች። ሴቶቹ ግን እየተደበቁ ይገዟቸው ነበር። በዓለም ላይ እንደ እኔ ያለች ሌላም ሴት አለች ለማለት ሌላ ማስረጃ አልነበራቸውም።

እንደዚህ ያሉ መጻሕፍቷን ለቤቱ ከሰጡት አንዷ ሜብል ሃምፕተን ናት። በ1902 የተወለደች ጥቁር አሜሪካዊት። በወጣትነቷ ዳንሰኛ ነበረች፣ ሃርለምም ጨፍራለች። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን የሰው ቤት ስታጸዳ ኖረች። በ1932 ሊሊያን ፎስተርን አገኘች። ፎስተር በ1978 እስክትሞት አብረው ኖሩ። አርባ ስድስት ዓመት ማለት ነው። ሃምፕተን በ1989 ሞተች። ድምፅዋ ተቀድቶ እዚያ ቤት አለ፣ ወረቀቶቿም አሉ።

የሰው ቤት ሠራተኛ ናት እኮ። የሠራተኛ ደብዳቤ፣ የሠራተኛ ድምፅ፣ እንደ ንጉሥ ዘውድ ተጠብቆ ተቀምጧል። እዚያ ነው ያለቀስኩት።

አሁን ስለ እትየ። የአባቴ እህት ናት። አላገባችም። እዚሁ ባሕር ዳር ከጓደኛዋ ጋር ሠላሳ ዓመት ያህል በአንድ ቤት ኖሩ። ሌማትና መሶብ ይሰፋሉ፣ ጠላ ይጠምቃሉ። ያላቸው አንድ አልጋ ነበር። እኛ ልጆቹ አንዷን ትልቋ እትየ፣ ሌላዋን ትንሿ እትየ ነበር የምንላቸው። ትልቋ ስትሞት ትንሿ ፀጉሯን ተላጨች። ዓመት ሙሉ ጥቁር ለበሰች። ለቀስተኛው የሚያጽናናው ግን ወንድሞችን ነበር። እሷ በሩ ሥር ተቀምጣ ነበር። የአርባው ማግሥት ዘመድ መጥቶ ዕቃ ተከፋፈለ። የጣውላ ሣጥን ነበራቸው፤ ውስጡ ፎቶና ወረቀት ነው። ሣጥኑ ለእህል ተፈለገ። ወረቀቱ ጓሮ ተቃጠለ።

ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ወረቀቱን ታቅፌ ወደ ጓሮ የወሰድኩት እኔ ነኝ።

እትየ ሌዝቢያን ነበረች አልልም። አላውቅም። ማንም አልጠየቃትም። ማወቂያውን ግን እኔ ተሸክሜ ወደ እሳት ወስጄዋለሁ። ትንሿ እትየ ዛሬም በሕይወት አለች። መንኩሳለች። እስካሁን ሄጄ ይቅርታ አልጠየቅኋትም። ምን ትሉኛላችሁ?

ሰባታሚት፦

እህቴ፣ ሻዬ ቀዝቅዞ ቀረ። ወረቀቱን ያስያዙሽ ትልልቆቹ ናቸው፤ አንቺ ልጅ ነበርሽ። ብትሄጂ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ለሥራ ኒው ዮርክ የምሄድበት ጉዳይ አለ። መግቢያው ስንት ነው? ብቻዬን ብሄድ ያስገቡኛል? ወንድ ነኝ።

የጀልባዋ አስጎብኚ፦

መግቢያ በነጻ ነው። የፈለገ መዋጮ ይሰጣል። ወንድም ይገባል፤ እኔ በነበርኩበት ሰዓት አንድ ተማሪ ልጅ ሲያነብ ነበር። በየቀኑ ክፍት አይደለም፣ ስለዚህ ሳትሄድ በፊት ሰዓቱን አረጋግጥ። ኤፍ ወይም ጂ ባቡር ይዘህ 15ኛ መንገድ ፕሮስፔክት ፓርክ የሚባለው ጣቢያ ውረድ። ከዚያ የእግር መንገድ ነው። አትቸኩል። እንደ ሙዚየም ዞረው የሚጨርሱት ዓይነት አይደለም። ተቀምጠህ አንድ ካርቶን ብትጨርስ ይበቃል።

ዘቆራጣ፦

እንደምን ሰነበታችሁ። ዲያቆን ነኝ፤ የተወለድኩትም ጣና ዳር፣ ቆራጣ ነው። ይህ ርእስ በጣና መድረክ መነሣቱ አልተመቸኝም። ቤተ ክርስቲያናችን በዚህ ጉዳይ የምታስተምረው ይታወቃል፣ እኔም የማምነው ያንኑ ነው፤ አልደብቅም። እህታችንን ግን ለመናገር አልመጣሁም። የሟች ወረቀት መቃጠሉ አሳዝኖኛል። በሩ ሥር የተቀመጡትም እናት አሳዝነውኛል።

የማልረዳው፣ ይህ ሁሉ ከጣና ጋር ምን አገናኘው? ለምን እዚህ?

የጀልባዋ አስጎብኚ፦

ወንድሜ፣ በጨዋነት ጠይቀኸኛል፤ እኔም እንደዚያው ልመልስልህ።

ክብራን ገብርኤል ደሴት ገዳም ሴት አይገባም። ሥርዓቱን አከብራለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ወንዶቹን ለአባቶች አስረክቤ፣ ሴቶቹን ይዤ ጀልባ ላይ ጠብቄያለሁ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስለተሠራው ባለ ሥዕል ወንጌል ለጎብኚ እተርካለሁ። በፎቶ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ስለዚህ ሀብትን ከውጭ ሆኖ ማሰብ ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን እገባለሁ። ዕቃ ቤት ጠባቂው አባት ብራናውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሲገልጡት ያላየህ አይመስለኝም። ትንፋሻቸውን ዋጥ ያደርጋሉ። ጣና ላይ ዛሬ የምናሳየው ነገር ሁሉ የተረፈው አንድ ሰው ስላስቀመጠው ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነት ጊዜ ከሩቅ አገር ሳይቀር ንዋየ ቅድሳት ወደ ደሴቶቹ ሸሽቷል። ብሩክሊን ያየኋት ያች ሽበታም ሴት ካርቶኑን የከፈተችው በዚያው እጅ ነው። ሃይማኖቱን እያነጻጸርኩ አይደለም። የእጅዋን ነገር ነው የምልህ። ለዚህ ነው እዚህ የጻፍኩት። የጣና ሰው ማስቀመጥ ምን እንደሆነ ያውቃል ብዬ ነው።

አንቀጽ በአንቀጽ፦

የሕግ ባለሙያ ነኝ። ለእህታችንም ለሚጽፉትም አንድ ነገር ልበል። በእኛ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚፈጸም ድርጊት በቀላል እስራት ያስቀጣል። አንቀጹ የሚናገረው ስለ ድርጊት ነው። ሙዚየም የጎበኘን ወይም የአክስቱን ታሪክ የተናገረን ሰው አይመለከትም።

ነገር ግን ሰውን የሚጎዳው አንቀጽ ብቻ አይደለም። ጎረቤት አለ። አከራይ አለ። ስልኩን ከፍቶ የሚያነብ ወንድም አለ። ስለዚህ የእናትየዋን ስም፣ የሚኖሩበትን ደብር፣ ፎቷቸውን እዚህ አታውጪ። ቀበሌውንም ቢሆን። በሕይወት ያለ ሰው ታሪክ ባለቤቱ ራሱ ነው። ብትሄጂም በስልክሽ ቀድተሽ ለመምጣት ብለሽ አትሂጂ።

ከዮርክሻየር፦

ሰላም ከእንግሊዝ። የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፣ እዚህ ነርስ ነኝ። ሃሊፋክስ በምትባል ከተማ ሺብደን ሆል የሚባል አሮጌ ቤት አለ፤ አሁን ሙዚየም ነው። አን ሊስተር የምትባል ባለርስት ሴት ቤት ነበር። በ1840 ነው የሞተችው። ወደ 5 ሚሊዮን ቃላት የሚሆን የዕለት ማስታወሻ ትታለች። ከስድስት አንድ እጅ ያህሉን የጻፈችው ራሷ በፈጠረችው ምስጢራዊ ፊደል ነው፤ የግሪክ ፊደልና የሂሳብ ምልክት ቀላቅላ። ሴቶችን ስለማፍቀሯ የጻፈችው በዚያ ነው።

በ1890ዎቹ ጆን ሊስተር የሚባል ዘመዷ ከአንድ ጓደኛው ጋር ፊደሉን ፈቱት። ያነበቡት አስደነገጣቸው። ጓደኛው አቃጥለው አለው። ጆን ግን አላቃጠለም። በቤቱ የእንጨት ግድግዳ ጀርባ ደበቀው። ስለዚህ ተረፈ። ከምስጢሩ የተወጣጣ መጽሐፍ የታተመው በ1988 ነው። በ2011 ዩኔስኮ በብሪታንያ የዓለም ትዝታ መዝገብ ላይ አስገባው።

አንድ ነገር ልንገርሽ እህቴ። ሄጄ ያን የእንጨት ግድግዳ ስመለከት ያሰብኩት ስለ አን አልነበረም። ስለ ጆን ነው። አልተስማማም። ፈርቷል። ግን ክብሪት አልጫረም። ሰው ካልተስማማም ይህን ያህል ማድረግ ይችላል።

ዘቆራጣ ወንድሜ፣ አንተን አስታወሰኝ። በደግ ነው የምልህ።

አወያይ፦

ስድብ ያለባቸው አራት መልሶች ተነሥተዋል። የተለየ ሐሳብ ያለው በጨዋ ቃል ይጻፍ። ክሩ ክፍት ነው።

ስም የለኝም፦

ይህን ለመጻፍ አዲስ ስም ከፈትኩ። ነገ አጠፋዋለሁ።

ባሕር ዳር ነው የምኖረው። ሌዝቢያን ነኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው። ከምወዳት ልጅ ጋር አራት ዓመታችን ነው። አብረን የተነሣነው አንድ ፎቶ የለም። ማታ ከመተኛታችን በፊት የዕለቱን መልእክት ሁሉ እናጠፋለን። እሷ በእሷ ስልክ፣ እኔ በእኔ። ልክ ፊት እንደመታጠብ ሆኗል። አንዳንዴ ሐይቁ ዳር ዓሣ ጥብስ እንበላለን፣ ደረሰኙን እንኳን ይዤ መቅረት ያምረኛል። አልይዝም።

እርስ በርሳችን «ዜጋ» እንባባላለን። ቃሉን መጀመሪያ ማን እንዳለው ብዙ ሰው ጠየቅኩ፤ የሚያውቅ አላገኘሁም። እኛ ቃላችን እንኳን ከየት እንደመጣ የሚነግረን ሰው የለንም።

ስለ ሜብል ሃምፕተን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አርባ ስድስት ዓመት። እንደዚያ ማርጀት እንደሚቻል አላውቅም ነበር። እኛ የምናውቀው የተጋለጠ፣ የተባረረ፣ የተሰደደ ሰው ታሪክ ብቻ ነው። አብረው ያረጁ አላውቅም ነበር። እትየሽና ጓደኛዋ ምን እንደነበሩ አንቺም እኔም አናውቅም። ግን እዚሁ ከተማ፣ እኔ በምሄድበት መንገድ፣ ሁለት ሴቶች አንድ ቤት ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። ይህ ለእኔ ብዙ ነው። አመሰግናለሁ።

የጀልባዋ አስጎብኚ፦

እህቴ፣ አነበብኩሽ። ሁለቴ ልመልስልሽ ሞክሬ አለቀስኩ። ስምሽን አጥፊው፣ ደኅና ሁኚ ብቻ። ይህን የጻፍሽውን ግን ሰው አንብቦታል።

ጆበርግ ያለው፦

አፍሪካ ውስጥም አለ ለማለት ነው። ጆሃንስበርግ፣ ዊትስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ ከ1997 ጀምሮ እንዲህ ያለ መዝገብ ቤት ይሠራል። የደቡብ አፍሪካ ጥቁር ሴቶች ድምፅና ወረቀት አለበት። ደቡብ አፍሪካ በ1996 ሕገ መንግሥቷ በፆታዊ ዝንባሌ ምክንያት ሰውን ማግለል ከልክላለች። ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው ለሚል ሰው ይህችን አስታውሱልኝ።

የግዮን ልጅ፦

ማንም አላነሣውም እንጂ፣ ጣና ላይ ስለ ሁለት ሴቶች ከተነሣ የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ገድል እንዴት ይዘለላል? በ2015 አሜሪካ ውስጥ በእንግሊዝኛ ሲታተም ትልቅ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ከተርጓሚዎቹ አንዷ የወለተ ጴጥሮስንና የባልንጀራዋን የመነኩሲት እኅተ ክርስቶስን ወዳጅነት በሴቶች መካከል እንዳለ ፍቅር አድርጋ ነው ያነበበችው።

ዘቆራጣ፦

ይህ እንደሚመጣ አውቄ ነበር። ስለዚህ በሰከነ ልብ ልመልስ።

እናታችን ወለተ ጴጥሮስ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1592 ተወልዳ በ1642 ያረፈች ጻድቅት ናት። ባለቤቷ የዐፄ ሱስንዮስ ሹም ነበር። ንጉሡ ወደ ካቶሊክ ሲገባ እሷ ባሏን ትታ መነኮሰች፣ ተሰደደች፣ አልታጠፈችም። የሴቶችና የወንዶች ማኅበራት መሠረተች። ገድሏ ያን ፍቅር የሚያየው በመንፈስ እኅትማማችነት ነው። የእኛ አባቶችና የአገራችን ምሁራንም ያን የውጭ ንባብ ተቃውመዋል። ግእዙን እያነበበ ያደገ ሰው ምንኩስናን በምንኩስና ነው የሚያየው። የጻድቃንን ፍቅር በዛሬ ቃል መሰየም ለእኔ ትክክል አይደለም። አዝናለሁ፣ እዚህ ላይ አልለሰልስም።

የጀልባዋ አስጎብኚ፦

አልለሰልስም ማለትህን አከብራለሁ። እኔም እናታችንን ወደዚህ ክር ልጎትታት አልፈልግም። ለእትየ እንኳን ስም ያላወጣሁ ሰው ለጻድቅት አላወጣም።

አንድ ነገር ብቻ ፍቀድልኝ። ገድሉ የተጻፈው በ1672 ነው። ከዕረፍቷ ሠላሳ ዓመት በኋላ ማለት ነው። ገላውዴዎስ የሚባል መነኩሴ በማኅበሩ ያሉትን፣ የሚያስታውሱትን፣ እየጠየቀ ጻፈው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሰው አፍ ነበር። ሌላ ሃያ ዓመት ቢዘገይ ኖሮ እኅተ ክርስቶስ የምትባል ሴት በምድር ላይ እንደነበረች ዛሬ አንተም እኔም አናውቅም ነበር። አብረው እንደተሰደዱ፣ ማኅበሩን ከእሷ በኋላ እንደመራች፣ ሁሉም ይጠፋ ነበር። ሰው ጠይቆ ስለጻፈ ነው ያለው።

እትየም ከሞተች ሃያ ሁለት ዓመት ሆናት።

ዘቆራጣ፦

ይህን ተቀብያለሁ። ቆራጣ ልጅ ሆኜ ስለ እኅተ ክርስቶስ የነገረችኝ አያቴ ናት። ማንበብ አትችልም ነበር።

እህቴ፣ ወደ እናትየዋ ሂጂ። መነኩሲት ከሆኑ ባዶ እጅሽን አትሂጂ። ጧፍና ዘቢብ ያዢላቸው።

መደርደሪያ፦

ቤተ መጻሕፍት ነው የምሠራው። ክርክሩን ለእናንተ ልተወው። ሥራዬን ልናገር። በየቤታችሁ ያለውን የእናቶቻችንን ወረቀት የሚበላው እሳት ብቻ አይደለም። የሐይቁ እርጥበትም ነው።

ፎቶ በላስቲክ አታሽጉ፣ ላብ ይይዛል፣ እርስ በርሱ ይጣበቃል። አሮጌ ፎቶ ላሚኔት አታስደርጉ፤ ከዚያ ወዲያ ማላቀቅ አይቻልም። ደረቅ ካርቶን፣ ንጹሕ ነጭ ወረቀት በመሃል፣ ከመሬት ከፍ ያለ ቦታ፣ ከወጥ ቤት ጭስ የራቀ። ጀርባው ላይ በእስክሪፕቶ አትጻፉ፣ ለስላሳ እርሳስ ይበቃል፣ እሱንም ሳትጫኑ። ማን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ ማን እንደነገራችሁ። በስልክ ስታነሱት ያለ ፍላሽ፣ በጥላ። የተቀደደ ነገር በፕላስተር አትጠግኑ። አታጥቡ። አትጨርሱ። እንዳለ ተዉት።

ምስጢር የሆነ ነገር ካለ ደግሞ መዝገብ ቤቶች የሚያደርጉት አለ። ባለቤቱ «እኔ እስክሞት አይከፈት» ካለ ታሽጎ ይቀመጣል። ማስቀመጥና ማሳየት አንድ አይደለም። ስም የለኝም ላልሽው እህታችን በተለይ ነው የምለው። የማይነበብ ነገርም ማስቀመጥ ይቻላል። አን ሊስተር የራሷን ፊደል ፈጥራ የለ?

ሰባታሚት፦

ይህን የመጨረሻውን ሰው ምክር ለእናቴ አነበብኩላት። ዛሬ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ከላስቲክ ውስጥ ፎቶ ስናወጣ ዋልን። ሁለት የማላውቃቸው ሴቶች አገኘሁ። እናቴም አታውቃቸውም።

የጀልባዋ አስጎብኚ፦

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ሄጃለሁ።

የት እንደሆነ አልናገርም፣ አንቀጽ በአንቀጽ እንደመከረኝ። ጧፍና ዘቢብ ይዤ ሄድኩ። አንድ ኪሎ የዘጌ ቡናም ጨመርኩ። ስልኬን ለጀልባው ልጅ ሰጥቼ ወረድኩ።

ትንሿ እትየ ትንሽ ሆናለች። ቆቧን ደፍታ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ነበር። በድምፄ አወቀችኝ። «የእትየ ልጅ» አለችኝ። እትየ ልጅ አልወለደችም። እንደዚያ ነበር ድሮም የምትጠራኝ።

እግሯ ላይ ወድቄ ነገርኳት። ወረቀቱን የወሰድኩት እኔ ነኝ እማሆይ አልኳት። ጊዜ ወስዳ ዝም አለች። ከዚያ «አውቃለሁ። በሩ ሥር ነበርኩ፣ አይቼሻለሁ። እጅሽ ትንሽ ነበር፣ አንዱ ወድቆብሽ ጎንበስ ብለሽ አነሣሽው» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። ማርኩሽም፣ አልማርሽምም አላለችኝም። ቡናውን እንድቆላ አዘዘችኝ።

ስለ ሁለቱ ምንም አልጠየቅኋትም። በመንገድ ሙሉ ጥያቄ ሳዘጋጅ ነበር የሄድኩት። ቡናው ሲፈላ ጥያቄው ሁሉ የሌላ ሰው መሰለኝ። ስለ ብሩክሊን ቤት ግን ነገርኳት። ሁለት ሴቶች፣ አርባ ስድስት ዓመት፣ አንዷ የሰው ቤት ሠራተኛ፣ ወረቀታቸው እንደተቀመጠ። ስለ ስሙ፣ ስለ ምንነቱም በቀጥታ ነገርኳት፣ አልሸፈንኩም። ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጋ ሰማች። «ማን ነበረች ቀድማ የሞተችው?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ሊሊያን አልኳት። «ሌላዋስ ስንት ዓመት ቆየች?» አለችኝ። አሥራ አንድ አልኳት። በጣቷ ቆጠረች።

ቶናውን ጠጥተን ስንጨርስ ወደ ውስጥ ገብታ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ወጣች። መሶብ ነው። ግማሽ ብቻ። እትየ ስትታመም ትሰፋው የነበረ። ስንደዶው ደርቆ ጠቁሯል፣ ቀይና አረንጓዴው አክርማ ግን ቀለሙ አለ። ዙሩ በመሃል ቆሟል። ወስፌው እንደተሰካ ነው። በክፍፍሉ ቀን ያላለቀ ስለነበር ማንም አልፈለገውም።

ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። «ውሰጂው። እኔ ስሄድ እዚህ ማን ያውቀዋል» አለችኝ። በሁለት እጄ ያዝኩት። ጀልባው ጋ ስደርስ ከኋላ ጠራችኝ፤ በዚያ ዕድሜዋ ድምፅዋ እስከ ውኃው ይሰማል።

«ወስፌውን እንዳትነቅይው!»